ክርክር፦ የውጭ ጉዲፈቻ በር እንደገና ይከፈት?

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች የዘጋችው የጉዲፈቻ በር ይከፈት ወይስ እንደተዘጋ ይቆይ? ይከፈት ባይዋ ልጅ ሊወስዱ ይመጡ የነበሩ ቤተሰቦችን ለዓመታት በአስተርጓሚነት ያገለገሉ የፒያሳ ሰው ናቸው። አይከፈት ባዩ ልደታ አካባቢ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ናቸው። ስማችን አይጻፍ ስላሉ በየሰፈራቸው ጠርተናቸዋል።

የፒያሳዋ

የፒያሳ ሰው ነኝ ስል የድሮዋን ማለቴ ነው፤ የአሁኗን እኔም እንደ እንግዳ ነው የማያት። ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ከአሜሪካ፣ ከስፔን፣ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ የሚመጡት ባልና ሚስቶች ቦሌ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ ያርፋሉ። ጠዋት እሄድና ማሳደጊያው፣ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ኤምባሲ አብሬያቸው ስዞር እውላለሁ። ማታ ደግሞ ማንም ሳይከፍለኝ እናትነት አስተምራለሁ።

አትሳቁ። ሴትዮዋ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈውን ሁሉ አንብባ ነው የመጣችው፤ የልጅቱን ፀጉር ግን እንዴት እንደምትፈታው አታውቅም። ቅባት ሳታስነካው በደረቁ ማበጠሪያ ስትስበው ልጅቱ ትጮኻለች፣ እሷም ታለቅሳለች። አባትየው ለብቻዋ አልጋ ያነጥፍላታል፤ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ስትታቀፍ ላደገች ልጅ ለብቻ መተኛት ቅጣት ነው የሚመስላት። መካከላችሁ አስተኟት እላለሁ። ቁርስ ላይ ኮርንፍሌክስ ሲያቀርቡላት ዝም ብላ ታየዋለች። ፍርፍር አስመጡና አጉርሷት እላለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ግማሹ ጉርሻ ቀሚሷ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ይለምዱታል። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ የሴትዮዋን እጅ አልለቅም ትላለች። መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ቤተሰብ እንዲህ ሲጀመር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን በሩ ተዘግቷል፤ አጨብጫቢውም ወደ ቤቱ ገብቷል። ልጆቹስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ መንግሥት ወላጅ ላጡ ልጆች ጉዲፈቻን የሚያስፋፉ ተቋማት እንዲመሠረቱ ያበረታታል ይላል። በር ቀርቅሮ ማበረታታት እንዴት ነው? ጠበቃው ያስረዱኝ።

የልደታው

እትዬ ስለ ፍርፍሩ የጻፉትን ሳነብ እኔም ራበኝ። ግን የጻፉት ሁሉ የቆመው በአንዲት መስመር ላይ ነው፦ «ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ የሴትዮዋን እጅ አልለቅም ትላለች።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዳቦ ይያዙና የፈለጉት ማሳደጊያ ይግቡ። ስምዎን የማያውቁ ልጆች እጅዎን ይይዛሉ፣ አንዷ እግርዎ ላይ ትጠመጠማለች፣ ሲወጡ ታለቅሳለች። ሊያሳድጓት ነው እንግዲህ? ሞግዚቶቿ በፈረቃ የሚቀያየሩባት፣ እንግዳ በየሳምንቱ መጥቶ የሚሄድባት ልጅ የመጣውን ሁሉ መያዝ ትለምዳለች። ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን የተከታተሉት ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ያውቁታል። ለማያውቁት ሰው ከልክ በላይ መቅረብ የጉዳት ምልክት ነው። እናቷ አጠገቧ ያለች ልጅ እንግዳ ስታይ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች።

ደግሞስ ያ እጅ የት ሄደ? ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ችሎት ይቅረቡ ስለተባለ ሁለት ጊዜ ነበር የሚመጡት። በመጀመሪያው ያጎርሳሉ፣ መካከላቸው ያስተኛሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይሄዳሉ። ቪዛው እስኪወጣ ልጅቱ ማሳደጊያው ውስጥ ወራት ትቆያለች። አስለምዶ ጥሎ መሄድ ነው፤ እትዬ ግን ቤተሰብ ሲጀመር አየሁ ይሉናል።

እኔ ቢሮ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ፎቶ የያዙ እናቶች ናቸው። ሲፈርሙ «ተምራ ትመለሳለች፣ በየዓመቱ ደብዳቤ ይመጣልሻል» የተባሉ። ሞኞች ናቸው እንዳይሉኝ። የቤተሰብ ሕጉ ራሱ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ይቀጥላል ይላል። በአገራቸው ሕግም ሆነ ባደጉበት ወግ ልክ ነበሩ። ልጆቹ የሄዱበት አገር ሕግ ግን የወለደችውን ሰርዞ በአሳዳጊዋ ስም አዲስ የልደት ወረቀት ያወጣል። አንድ ቀን ችሎት ላይ ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ እናትየው ጣቷን ቀለም ነክራ ነበር የፈረመችው።

የፒያሳዋ

እጅ ያዘች ባልኩ ጉድ ፈላብኝ! ጠበቃው እኔን ለመርታት ቡካሬስት ድረስ ሄዱ። ከሄዱ አይቀር ሙሉውን ይዘው ይምጡ እንጂ። እነዚያ ተመራማሪዎች ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ፣ ግማሾቹ አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ገቡ። የተሻላቸው የትኞቹ ናቸው? ቤተሰብ ዘንድ የገቡት፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ጥናቱ ልጁን ቶሎ አውጡት ነው የሚለው። በእኔ ላይ ምስክር ብለው ያቆሙት ለእኔ መሰከረ፤ ጠበቃ ሆነው ይህ እንዴት ጠፋዎት?

ሁለት ጊዜ መጡ ላሉት፣ ሁለት ጊዜ ኑ ያላቸው ማን ነው? በፊት አንዴ መጥተው ይዘው ይሄዱ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስቴር በቀን ከአምስት ጉዳይ በላይ አላይም አለ። በእግሯ መሄድ ያልጀመረች ልጅ ወረፋ ላይ እያለች ሮጣለች። ያንን ሁሉ መለያየት ያመጡት ማኅተም የያዙ ሰዎች ናቸው። እኔ ማኅተም የለኝም።

ለመሆኑ እነዚያን ፎቶ የያዙ እናቶች ያስከፍሏቸዋል?

ልጄ፣ ልንገርህ። አንተ ፋይል አይተሃል። እኔ ሌሊት ስልክ ተደውሎልኝ «አታቋርጥም፣ ምን እያለች እንደምታለቅስ ንገሪን» ተብዬ በስልክ አስተርጉሜያለሁ። ልጅቱ የምትለው «መብራቱን አታጥፉት» ነበር። ነገርኳቸው። አላጠፉትም። የእናንተ አንቀጽ ስንት ነው ይህንን የሚለው?

የልደታው

አስቀድሜ «ልጄ» እና «አንተ» የሚለውን ይተዉልኝ። እርስዎ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ እርስዎ ብዬ እጨርሳለሁ። ፀጉሬም ከሸበተ ቆይቷል።

ወደዚያች እጅ እንመለስ። አስተርጓሚዋ ያዩት ሳምንቱን ነው፤ ከዚያ ቦሌ ሸኝተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ምን እንደሆነች በምን ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የሄደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባልና ሚስቱን ጥፋተኛ ናችሁ አላቸው። እሷም ከአዲስ አበባ ስትወጣ የአንድ ሰው እጅ ይዛ ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ናቸው አላልኩም፤ የሳምንት ምስክርነት የዕድሜ ልክ ዋስትና አይሆንም ነው ያልኩት።

ቁጥሩንም ይዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄዱ፤ ከቻይና ቀጥለን ሁለተኛ ነበርን። እስኪዘጋ ድረስ በድምሩ ወደዚያች አንድ አገር የሄዱት ከ15,000 በላይ ናቸው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በዓመት ጥቂት መቶ ነበር። በመካከሉ ያን ያህል ወላጅ ያለቀበት መቅሰፍት አላስታውስም። ዶላር ይዞ የሚጠብቅ ሲበዛ ልጅ አቅራቢው በዛ፤ አገናኝ ገጠር ወረደ፣ «አባት ያልታወቀ»፣ «እናት የሞተች» የሚል ወረቀት ተጻፈ። ይህ የሐሜት ወሬ እንዳይመስልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአንድ ጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከኢትዮጵያ ልጅ ለማውጣት ሐሰተኛ ሰነድ አቅርባችኋል ብሎ ከስሷል፤ ጥፋታቸውን ያመኑም አሉ። የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር አንቀጽ 24 የውጭ ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ ያደረገው አለምክንያት አይደለም። እኛ አገር የመጀመሪያ አማራጭ ሆኖ ነበር።

ስለ እናቶቹ እስካሁን አንድ ቃል አልመለሱም።

የፒያሳዋ

«ሸኝተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።» ይህችን አልረሳትም። አዎ፣ ቦሌ እሸኝ ነበር። በዚያ ምሽት ራት የምበላ ይመስላቸዋል?

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ በምን አውቃለሁ? በፎቶ አውቃለሁ፤ ገና በመጣ ቁጥር ይልካሉ። ጥርሷ ሲነቀል፣ ትምህርት ቤት ስትጨርስ። አሁን ደግሞ ራሳቸው እየመጡ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላት ቆንጆ፣ ጀርባዋ ላይ ሻንጣ፣ አማርኛዋ «ሰላም» እና «አመሰግናለሁ»። አንዷ ቡና እያፈላሁላት አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። ሕመም የለባትም አላልኩም። ያንን የሞተችውን ልጅ ታሪክ እኔም አንብቤ ታምሜያለሁ፤ በሷ ስም የሌላውን ሁሉ ቤት ማፍረስ ግን ግፍ ነው።

እሺ፣ በሩ ይዘጋ። እኛስ? ሰፈሬ አንዲት ወይዘሮ ልጅ ልትወስድ ስታስብ ሆዷ ላይ ጨርቅ እየጠቀለለች ወራት ከረመች፤ በመጨረሻ «ወለድኩ» አለች፣ ገንፎ ተበላ፣ እልል ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ልጁ ብቻ ነው። አያቶቻችን የጡት ልጅ ሲያደርጉ ጣት ማር ነክረው፣ ሽማግሌ ጠርተው፣ በአደባባይ ነበር። እኛ ተምረን ደበቅነው። ፈረንጆቹ ቢያንስ ለልጁ አይዋሹትም፤ መልካቸውም አይፈቅድላቸው! ጠበቃው ከውጭ የመጣውን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ፤ የኛን ሰው ጉዲፈቻ ሲያመቻቹ ግን አልሰማሁም። ቤታቸውስ ውስጥ የወሰዱት ልጅ አለ?

የልደታው

ቤቴ ውስጥ ስላለው ለመናገር አልመጣሁም። ሐሳብ ሲያልቅ የሰው ጓዳ ይገባል።

ከጻፉት ውስጥ «ለልጁ አይዋሹትም» የምትለዋን ልያዝ። እነሱ አይዋሹ ይሆናል። የተሰጣቸው ወረቀት ከዋሸስ? ልጅቱን «እናትሽ ስትወልድሽ ሞተች» እያሉ በቅን ልቦና ያሳድጓታል፤ እናትየዋ ደግሞ እኔ ቢሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የሰፈርዎ ወይዘሮ አንድ ልጅ ዋሸች። ያ ወረቀት ሁለት አገር ነው የዋሸው።

እርስዎ ቡና ያፈሉላት ዓይነት ወጣት እኔም ዘንድ መጥታ ነበር። የያዘችው አንድ ገጽ ነው፤ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የማሳደጊያው ስም። ካዛንቺስ አብረን ወረድን። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ነዋሪው የከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፤ የቀበሌው ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። ማሳደጊያው የውጭ ጉዲፈቻ ሲቆም ተዘግቷል። ፋይሎቹስ ብለን ስንጠይቅ አንዱ ሌላው መሥሪያ ቤት ጋ ናቸው አለን፣ ሌላው ለድርጅቱ ተመልሰዋል አለን፣ የድርጅቱ ስልክ አይነሳም። ልጅቱ መንገዱ ዳር ቆማ አዲሱን አስፋልት ፎቶ አነሳችው።

ስለዚህ በሩ ይከፈት አይከፈት የሚለውን ለጊዜው ልተወው እችላለሁ። የሄዱት ልጆች ፋይል አንድ ቦታ ይሰብሰብ። የእናት ስም፣ የአገናኙ ስም፣ የፈረመው ሰው ስም ያለበት። ያ ሳይደረግ ስለ አዲስ ልጅ አላወራም። ከ15,000 ልጅ የአንዲቷን እናት ማግኘት ያልቻለ አገር ሌላ ልጅ የሚሸኝበት ፊት የለውም።

የፒያሳዋ

አሁን ሰው መሰሉ። ፋይል ካሉ አይቀር እኔም አለኝ። መንግሥት ያዘዘኝ አይደለም፤ ልማዴ ስለሆነ በየደብተሩ ጽፌዋለሁ፦ የባልና ሚስቱን ስም፣ የልጁን ስም፣ ማን ከየት እንዳመጣው ሞግዚቶቹ የነገሩኝን፣ አንዳንዴም ልጁ ራሱ የነገረኝን። «ቤታችን በግ አለ፣ እናቴ ጠጅ ትጥላለች» ያለኝን ሕፃን «ወላጆቹ የሞቱ» በሚል ወረቀት ሲሄድ አይቻለሁ፤ ጻፍኩት። ለማን ልናገር ነበር?

ደብተሮቹን ግን ለእርስዎ ቢሮ አልሰጥም። አንዲት እናት ያለ ጠበቃ፣ ያለ ደላላ፣ በነጠላ ጫማዋ ገብታ «ልጄን አሳዩኝ» የምትልበት መዝገብ ቤት ይከፈት፤ በማግስቱ ተሸክሜ እሄዳለሁ። በሩም ይከፈት ያልኩትን አላነሣሁም፤ ማሳደጊያ ያሉት ልጆች እኔና እርስዎ ስንጨቃጨቅ ዓመት ጨመሩ።

እናቶቹን ያስከፍሏቸዋል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጻፏቸው ሁለት ጽሑፎች አንድም ቦታ መልሱን አላየሁም።