ጓሳ ስትሄጂ ሽንኩርቱን ከየት ገዛሽ?

መንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ የአካባቢው ሰው ሎጅ አለው። አልጋና ወጥ ቤት አለ፤ አስቤዛህን ይዘህ ሄደህ ራስህ ታበስላለህ። ይህ ጥሩ አሠራር ነው ወይስ አይደለም? ሁለት ሰዎች ተሟግተውበታል።

ባለ ድስቷ፦ እኔ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ አላውቅም። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ሁለት ሌሊት አድሬበታለሁ። ሙዚቃ የለም፣ ግርግር የለም። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ቡናዬን ይዤ ወጣሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ይነጫሉ። አንድ ቀይ ቀበሮ ዝም ብሎ መሃላቸው ገባ። አልሸሹም። እሱም ግልገሎቻቸውን ዞር ብሎ አላየም፣ የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚያው ጓሳ በተሠራ ጥናት ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። ይህን ለማየት ጸጥታ ያስፈልጋል።

የመንዙ ልጅ፦ በቀበሮው አልጣላሽም እህቴ። ሽንኩርቱን ግን ከየት ገዛሽ? ከአዲስ አበባ መሆን አለበት። ዳቦውም፣ ውሃውም፣ ከሰሉም። ጓሳን እኮ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት አባቶቻችን ናቸው፤ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲከፈት አጭደው ቤታቸውን ከደኑበት፣ ገመድ ገመዱበት። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም አብሮ ተጎዳ። ዛሬም ገበሬው ከብቱን ከልክሎ ነው ቀበሮሽ የሚኖረው። አንቺ መጣሽ፣ አየሽ፣ ያመጣሽውን በላሽ፣ ሄድሽ።

ባለ ድስቷ፦ ኧረ ከፍዬ ነው የሄድኩት! የመግቢያውንም፣ የአልጋውንም፣ የስካውቱንም። ትልቅ ሆቴል ቢሠራ ይሻል ነበር? ትርፍራፊ ይደፋል፣ ትርፍራፊው ውሻ ይጠራል፣ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቹ በዚህ በሽታ ስንት ጊዜ እንዳለቁ ታውቃለህ። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

የመንዙ ልጅ፦ ሆቴል ይሠራ መች ወጣኝ? እኔ የምለው አንዲት የሰፈር እናት የገብስ ቂጣና ሽሮ ብትሠራልሽ ምን ትጎጃለሽ? ጠላ ብትቀምሽ? እንደ አሁኑ ከሆነ እንግዳው ከእኛ ሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ውሎ አድሮ ይመለሳል። አስቤዛ ይዞ መምጣት ልማድ ሆኗል፣ ሕግ ግን አይደለም።

ባለ ድስቷ፦ እሺ፣ አንድ ጉድ ልንገርህ። ምስር ይዤ ሄጄ ነበር። ከ3,200 ሜትር በላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ አይበቃም፤ ድስቱ ሲንተከተክ አምሽቶ ምስሩ አልበስል አለኝ። ከሰሌ አለቀ፣ እንደ ቆሎ ቆረጠምነው። ያን ማታ ሽሮ ያመጣልኝ ሰው ቢኖር እጥፍ እከፍል ነበር። ጠዋት ግን ደጄ ላይ ማንም እንዲቆም አልፈልግም፣ ገባህ?

የመንዙ ልጅ፦ ጠዋቱን ከነቀበሮው ውሰጂው። እራቱን ለእኛ ተይልን። ሽንኩርቱንም።