ለትንሽ የጥበቃ ጀልባ ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል?

ፈረንሳይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ በማቋቋም ሥራ ለማገዝ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከተስማማች ወዲህ፣ እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ እየጠጡ ስለ ጦር መርከብ መከራከር እንግዳ ነገር አይደለም። ክርክሩ ግን ዘወትር «መድፉ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ማለት ነው) ወደሚለው ያዘነብላል፤ እኔ ለአነስተኛ የጥበቃ ጀልባ ከመድፉ ትልቅነት ይልቅ የተተከለበት መደብ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ምክንያቱን ለመረዳት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ላይ ጀልባ ተሳፍሮ የጉማሬ ጆሮ በስልክ ፎቶ ለማንሣት መሞከር ይበቃል። አፈሙዝ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ጥይቱ ዒላማውን በ17 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ ትንሽ ጀልባ የምትዋልለው በአንድ ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ መዋለሉን በጃይሮስኮፕ እየለካ አፈሙዙን ዒላማው ላይ የሚያጸና ባለ 25 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ወለሉ ላይ በብሎን ከታሰረ ዙ-23 ይሻላል። ዙ-23 ለየብስ የተሠራ ጸረ አውሮፕላን ነው፤ ተኳሹ መዘውር በእጁ እያዞረ ያነጣጥራል፣ የእያንዳንዱ አፈሙዝ ሣጥን የሚይዘው 50 ጥይት በመሆኑም ሳያቋርጥ ከተኮሰ በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ርካሽነቱን አልክድም።

በ1954 ዓ.ም. የተረከብናት «ኢትዮጵያ» የተሰኘችው መርከብ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ብትሸከም ርዝመቷ ከ90 ሜትር በላይ ስለነበር ነው። ሠላሳ ሜትር በማትሞላ ጀልባ ላይ ያለ ጥይቱ ከ7 ቶን በላይ የሚመዝነውን የጣሊያን 76 ሚሊ ሜትር መድፍ መጫን ሚዛኗን መንሣት ነው። የዕለት ሥራዋም ተጠርጣሪ ጀልባ ማስቆምና መፈተሽ በመሆኑ፣ ከፊቱ ውኃው ላይ የሚያርፍ የማስጠንቀቂያ ተኩስ ይበቃታል። ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. የመን ውስጥ ኤደን ወደብ ላይ 17 መርከበኞች የሞቱባት የአሜሪካ የጦር መርከብ «ኮል» 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት፤ ፈንጂ የጫነችው ትንሽ ጀልባ ጎኗ ድረስ ስትጠጋ ግን አልጠቀማትም። ለእንዲህ ያለው ቅርብ አደጋ በግራና በቀኝ አንዳንድ ድሽቃ (ከባድ መትረየስ) ያስፈልጋል።

ከውስጥ ተቀምጠው በስክሪን የሚተኩሱት መድፍም ቢሆን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ (ይህን ለእኛ ማስረዳት አያሻም) በእጅ ካልሠራ የወለል ጌጥ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ርቀትና ስለ ፍጥነት ሲያወራ፣ ገዢው ጨው የበላውን መለዋወጫ ማን እንደሚያቀርብና እያንዳንዱ ተኳሽ በዓመት ስንት ጥይት ማዕበል ላይ እንደሚለማመድ ውሉ ላይ ያስጽፍ።