«እስክስታስ መቼ ይፈቀድልኛል?»

አጎቴ ፔስሜከር ከገባለት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰፈራችን «ልቡ ላይ ባትሪ ገጠሙለት» ይላል። ብዙም አልተሳሳቱም። ከክብሪት ሳጥን እምብዛም የማትበልጥ ነገር ናት። ከአንገት አጥንት በታች፣ ቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በደም ሥር አልፎ ልብ ውስጥ ይገባል። ልብ ሲዘገይ ትቀሰቅሰዋለች።

ከሆስፒታል ሲወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡት። እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ጎልፍ ለስድስት ሳምንት አይጫወቱ ይላል። ቴኒስም ይቆይ። ዋናም እንደዚሁ። አጎቴ ጎልፍ ያየው ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ያውም ቻናል ሲቀይር።

«ስግደትስ?» አለኝ። ወረቀቱ ስለ ስግደት የሚለው ነገር የለም። ስለ ጀሪካንም የለም። ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን ሰላም ስለመባባልም የለም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ውድ ዕቃ ደረቱ ውስጥ ያስቀመጠ ሐኪም ቤት፣ ሰውየው ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀውም። ክፍተቱን ታዲያ ዘመድ ይሞላዋል። ዘመድ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፦ ተቀመጥ።

ባለቤቱ ጋቢ አከናንባ ሶፋ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ውጭ በር መሄድ እንኳን ተከለከለ። ጠያቂው ሁሉ «አይነሱ፣ አይነሱ» ይላል። አንድ ቀን ግን ማንም ሳያየው ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ ሬዲዮ ሊያወርድ ግራ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ደረስኩበት። ማሽኑ ያለው በግራ በኩል ነው!

ነገሩን ገልብጠነው ነበር። ማረፍ ያለበት ክንዱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሽቦው ልብ ውስጥ በደንብ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። እስከዚያ በማሽኑ በኩል ያለው ክርን ከትከሻ በላይ አይወጣም። ከ5 ኪሎ በላይም ባያነሱ ይመረጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ስግደትም በእጅ መሬት ተደግፎ መነሳት ስላለበት ሐኪም ሳይጠየቅ ባይጀመር ጥሩ ነው። ክንድን ጭራሽ አስሮ ማስቀመጥም አያዋጣም፣ ትከሻ ይደርቃል። ወክ ማድረግ ግን ሐኪሙ እሺ ካለ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይቻላል። እያወሩ መራመድ ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው።

ከወራት በኋላ የእህቴ ልጅ ጂም ወሰደው። ሶምሶማው ላይ ደህና ነበር። ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ቶሎ ደከመ፣ ትንፋሽ አጠረው። እኛ ማሽኑ ተበላሸ ብለን ደነገጥን። ለካስ ብዙዎቹ ፔስሜከሮች ሰው መንቀሳቀሱን የሚያውቁት በሰውነት መወዝወዝ ነው። ብስክሌት ላይ እግር ይሠራል፣ ደረት ግን ጸጥ ይላል። ማሽኑ ሰውየው የተቀመጠ መስሎት የልብ ምቱን አይጨምርለትም። ሐኪሙ ከውጭ፣ ምንም ሳይቀድ፣ በኮምፒውተር አስተካከለው። ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ይህን ባናውቅ ኖሮ ተመልሶ ሶፋው ላይ ነበር።

ኳስ ወዳዶች ወዲያው የዴንማርኩን ተጫዋች ኤሪክሰንን ያነሱብኛል። እውነት ነው። በሰኔ 2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ወደቀ። ማሽን ተገጠመለት። የጣሊያን ደንብ በዚያ ማሽን መጫወት ስለማይፈቅድ ከክለቡ ከኢንተር ተለያየ። በየካቲት 2022 ለእንግሊዙ ብሬንትፎርድ ተሰለፈ፣ ከዚያም ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። በዩሮ 2024 ስሎቬኒያ ላይ ጎል አገባ። ግን የሱ ማሽን ሌላ ዓይነት ነው፤ ልብ በአደገኛ ሁኔታ ሲምታታ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልስ። ደግሞም ምን ያህል መሮጥ እንደሚቻል በዋናነት የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን የልቡ በሽታ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ፈቃድ ለራስ አለመውሰድ ነው። ራስ ካዞረ፣ ደረት ካመመ፣ ቁስሉ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ ስቅታ አልለቅ ካለ ስፖርቱን ትቶ ወደ ሐኪም።

አጎቴ ቀጠሮው ላይ የመጨረሻ ጥያቄውን ያወጣው ልንወጣ ስንል ነው። «ዶክተር፣ እስክስታስ መቼ ይፈቀድልኛል?»

ዶክተሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስድስት ሳምንቱ አልፏል፣ ሽቦውም ደህና ነው። ቀስ ብለው ይጀምሩ።»

ጥር ላይ የልጁ ሠርግ ነበር። ባለቤቱ ወንበር ይዛ ከኋላው ቆማለች። ግራው ትከሻ መጀመሪያ ትንሽ ፈራ። ቀኙ ግን አልጠበቀውም።