ክርክር፦ በሰው በላ ይሳቃል ወይ?

የተከራከርንበት «ራቨነስ» የተባለው ፊልም ነው። በፈረንጆቹ 1999 ወጣ፤ ዳይሬክተሯ እንግሊዛዊቷ አንቶኒያ በርድ ናት። ዘመኑ 1847፣ ቦታው የካሊፎርኒያው ሲዬራ ኔቫዳ ተራራ ነው። አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር እየተዋጋች ነው። ካፒቴን ቦይድ በፍርሃት የሞተ መስሎ ተኝቶ ከውጊያ ይተርፋል፤ አለቃው ወደ አንድ ሩቅ ምሽግ ያባርረዋል። አንድ ምሽት ኮልኩን የሚባል ሰው ከበረዶው ወጥቶ ይመጣል። አብረውት የነበሩት መንገደኞች በረሃብ እርስ በርስ ተበላሉ ይላል። መጨረሻውንም ስለምናወራ ያላያችሁት ተጠንቀቁ።

ደጋፊዋ፦ እኔ ፊልሙን የወደድኩት ስለሚያስቅ ነው። ገና ሲጀምር መኮንኖቹ ግብዣ ላይ ደም ያዘለ ስቴክ ያግበሰብሳሉ፤ ካሜራው አፋቸው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ቦይድ ሮጦ ወጥቶ ያስመልሰዋል። ቁርጥ ወዳድ ነኝ፣ ግን ሳልበላ ሰንበትበት አልኩ። ደግሞ ቆስሎ የተኛው የምሽጉ ወታደር ቶፍለር ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ አለ። ለካ ኮልኩን ቁስሉን እየላሰው ነው! ሳቄ ሳያልቅ አፈርኩ።

ኮልኩን በኋላ ኮሎኔል ኢቭስ ሆኖ፣ ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ ይመለሳል። ሳምባ ነቀርሳው ሰው ሲበላ ለቆታል። ሚያዝያ ይድረስ እንጂ ወርቅ ፈላጊው በዚህ ያልፋል፣ እየመረጥን እንበላለን ይላል። ያኔ ጋዜጦቹ «እስከ ምዕራብ ባሕር መስፋፋት እግዜር የሰጠን ዕጣ ነው» ይሉ ነበር። ኢቭስ ያንኑ ነው የሚለው፣ አፉን እየጠረገ። ይሄ ያለ ሳቅ ቢሠራ ስብከት ይሆን ነበር።

ተቃዋሚው፦ እህቴ፣ ወርቁ የተገኘው በጥር 1848 ነው፤ ሰውዬው ከየት ሰማ? እሺ፣ ይሄ ይለፍ።

የማይታለፈው ሌላ ነው። ፊልሙ ላይ የእውነተኛ ታሪክ ጥላ አለበት። በ1846 መገባደጃ የዶነር ጓድ የሚባሉት መንገደኞች እዚያው ተራራ ላይ በረዶ ያዛቸው። ግማሽ ያህሉ አለቁ። ሉዊስና ሳልቫዶር የሚባሉ ሁለት የሚዎክ ተወላጆች ከወዲያ ማዶ እህል ይዘውላቸው መጥተው ነበር። እርዳታ ፍለጋ በእግር ከወጡት ጋር አብረው ወጡ። ሌሎቹ የሞተውን ሲበሉ እነሱ እምቢ አሉ። ሊገድሏቸው እንደሆነ ሲሰሙ ሸሹ። ከቀናት በኋላ ተዝለፍልፈው ወድቀው ተገኙ። ተተኮሰባቸው። ተበሉ።

ፊልሙ ውስጥ ያለው ተወላጅ፣ ጆርጅ፣ የዌንዲጎን፣ የሰው ሥጋ በልቶ የማይጠግበውን ጭራቅ፣ ተረት አውርቶ ይሞታል፤ ሥራው እሱ ነው። ተረቱም ቢሆን የታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ሕዝብ፣ የኦጂብዌዎች ነው እንጂ የዚያ ተራራ አይደለም። ሰው ሊበላ ሲባረር ደግሞ የሠርግ የሚመስል የባንጆ፣ የክር መሣሪያ፣ ሙዚቃ ይለቀቃል! የእኛ በላኤ ሰብእ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ ዳነ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ማንም ሲስቅ አላየሁም።

ደጋፊዋ፦ ሉዊስና ሳልቫዶርን አላውቃቸውም ነበር፤ በዚህ ረታኸኝ። ባንጆውን ግን አልለቅህም። ሙዚቃው የሚጨፍረው ለአዳኙ ነው፤ ደስ ያለው እሱ ነዋ። ጥርኝ ውሃ ካልክ ደግሞ እዚህም አለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አንድ የድብ ወጥመድ ውስጥ ፊት ለፊት ተጣብቀው ይቀራሉ። ቀድመህ ብትሞት እበላሃለሁ፣ አንተስ? ይለዋል ኢቭስ። ኢቭስ ቀደመ። ቦይድ አልበላውም፣ ሞተ። የጆርጅ እህት ማርታም አየቻቸውና በሩን ዘግታ ሄደች። ተወላጅዋን የረሳሃት መሰለኝ።

ተቃዋሚው፦ ማርታን አልረሳሁም፤ ከሁሉም ብልጧ እሷ ናት። ግን ወጪው 12 ሚሊዮን ዶላር፣ ገቢው 2 ሚሊዮን ገደማ። ሰው መሳቁንም መፍራቱንም አላወቀበትም ማለት ነው። እኔም ብዙውን ቦታ እንደዚያው ነበርኩ። ቦይድን ያባረረው ጄኔራል ግን ምሽጉ ገብቶ፣ ማንም ሳይጋብዘው ድስቱን ከፍቶ ያንን የሰው ሥጋ ወጥ ሲቀምስ፣ ደግሞ እንደጣፈጠው ፊቱ ላይ ሲታይ... እሱ ጋ ሳቅሁ። አልክድም።