ይድረስ ለክቡር አቴንዳንስ (ለሥራ የመጣና የቀረ ሰው ለሚመዘገብብዎት ወረቀት)

ጉዳዩ፦ የራይት (✓) ምልክትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክላሴር ውስጥ አቧራ አይገባምና ደህና እንደሚሆኑ አንጠራጠርም። እኛ ከሸበል በረንታ እስከ እነብሴ ሳር ምድር፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለን የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎች ነን። ጎጃም ሲባል ጤፍ ብቻ ለሚታየው ሰው፦ አዎ፣ እዚህም ሴፍቲኔት አለ።

ከ1997 ጀምሮ ነገሩ ግልጽ ነው። ጉልበት ያለው እርከንን በመሰለ የጋራ ሥራ ሠርቶ ይበላል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይደገፋል። በዚህ አልተጣላንም፤ በየዓመቱ እጅ ዘርግቶ ከመጠበቅ ይሻላል። ጸባችን ከእርስዎ ጋር ነው።

መጀመሪያ ሒሳብዎ። ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን ሥራ፣ ለአምስት ነፍስ 25 ቀን። ሦስቱ ሕፃናት፣ አንዷ ዓይኗ የደከመ አያት ከሆነች፣ 25ቱም በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ነው። እስቲ ወሩን እንቁጠረው። ከ30ው ቅዳሜና እሑድ 8 ይወጣል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ አፈር አይነካም። በዓሎቹ ቅዳሜና እሑድ ላይ ካልዋሉ የቀረው 17 ነው። ስምንቱን ከየት ታምጣው፣ ከጳጉሜን ትበደር? መመሪያውስ ጉልበት ላነሰው ቤት የቀን ጣሪያ ያውቃል። እርስዎ ግን የሚያውቁት ራይትና ኤክስ ብቻ ነው።

ነፍሰ ጡሯም እንዲሁ። ከጤና ኬላ ወረቀት ስታመጣ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ስሟ ከእርስዎ ላይ ካልተነሣ ግን ቀሪ ናት። ልጇ ክርስትና ተነሥቶም እናቱ ቀሪ ናት።

በቅኔ አገር ውለው ሰምና ወርቅ አለመለየትዎ ደግሞ ይገርመናል። «ተገኝቷል» ሰሙ ነው፤ ወርቁ እርከኑ ነው። 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ) ይፈጃል፣ የድንጋዩ 250። በሰው ሲካፈል አፈሩ በቀን ስድስት ሜትር ተኩል ግድም፣ ድንጋዩ 4 ሜትር ይደርሳል። ቅየሳው ሦስት ሰው፣ ሁለት ቋሚ፣ 10 ሜትር ሲባጎና የውሃ ልክ ይጠይቃል። ሲባጎው ከረገበ ወይም አረፋው መሐል ሳይቆም ችካል ከተመታ፣ መስመሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ክረምት ሲገባ ውሃው ዝቅ ካለው ቦታ ተሰብስቦ እርከኑን ይበጥሳል፤ ከሥሩ ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል። ክምሩ ተጠቅጥቆ ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ሳይጠቀጠቅ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ይሟሽሻል፣ የተረፈውን ፍልፈል ትጨርሰዋለች። የልቅ ግጦሹን ከብት አንጨምርም፤ እሱ የራሱ ደብዳቤ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን በእርስዎ ዘንድ ሠላሳውም ሰው ራይት ነው። ለመዶሻና ለአካፋ እጥረትም ሣጥን የለዎትም፦ ሠላሳ ሰው ለአሥር አካፋ ተሰልፎ ቢውልም ራይት፣ ራይት፣ ራይት።

የፊደል ነገርማ አይነሣ። ፀሐይ በመታወቂያዋ በፀሐዩ «ፀ»፣ በባንክ ደብተሯ በጸሎቱ «ጸ» ተጽፋለች። የቆሎ ተማሪ ጠይቁ፣ በአንድ ቃል ይፈታዋል። የክፍያ ዝርዝሩ፣ ፔይሮሉ፣ ግን ሁለት ሰው ናቸው ይልና ለሁለቱም አይከፍልም። ከቡድን መሪ ወደ ልማት ሠራተኛ፣ ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ወረዳ ግብርና፣ ከዚያ ፋይናንስ ሲንከባለሉ፣ አንዱ ጋ የተሳሳተች አንዲት ፊደል እንደገና ከታች ታስጀምርዎታለች። ለአንድ ነፍስ የወሩ 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወይም ምትኩ ብር፣ እስኪደርስ ባለሱቁ የሚጽፈው ዱቤ ግን አይሳሳትም። እሱ በፊደል ሳይሆን በመልክ ነው የሚያውቀን።

ስለዚህ ሁለት ሣጥን እንዲጨምሩልን በትሕትና እንጠይቃለን፦ «ስንት ሜትር» እና «ለምን ቀረ»። ቦታ ጠበበኝ ካሉ፣ የአምስት ሰው ፊርማ የሚያርፍበትን ግርጌዎን ትንሽ ያሳጥሩ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእርሳስ
ለላጲስ
ለፍልፈል፣ በያለችበት