ዓምዱን ወሰዱ፣ ሰዎቹን ተዉ

ሥዕሉ ላይ ያሉት ሦስት የሮም ዓምዶች ናቸው። አብዛኛውን ቁመታቸውን አፈር ውጦታል፤ የተቀረጸው አናታቸው ግን ወጣ ብሎ ይታያል። ከሥራቸው ጥቃቅን ሰዎች አሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ የነተበ ልብስ የለበሱ ድሆች ናቸው።

ሥዕሉን የሠራው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1720 በቬኒስ አቅራቢያ ተወልዶ በ1778 ሮም ውስጥ ሞተ። የከተማዋን መልክ የሚያሳዩ 135 ትልልቅ የሕትመት ሥዕሎች ትቶልናል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል። ሰሙ ላይ በመርፌ ይሣላል። አሲድ ሲፈስበት መርፌ የጫረውን ቦታ ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለም ገብቶበት እርጥብ ወረቀት ላይ ይታተማል። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ሥዕሉ አገር ላገር ዞረ።

ሮምን ሊያዩ የሚመጡ የእንግሊዝ ባላባት ልጆች ገዝተው ይመለሱ ነበር። ቤታቸው የገባ እንግዳ ግድግዳውን አይቶ ባለቤቱ የተማረ፣ ዓለምን ያየ ሰው መሆኑን ይረዳል። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተም ሮምን መጀመሪያ ያወቃት አባቱ ቤት በተሰቀሉ የሕትመት ሥዕሎች ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ሕንፃ ሆኖ ሲሠራ የጎደለው ነገር ነው። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሮምን በዓይኑ አላየም። ሞንቲቼሎ የተባለውን የቨርጂኒያ ቤቱን የነደፈው ከመጻሕፍት ነው፤ በተለይ ጣሊያናዊው የሕንፃ ነዳፊ ፓላዲዮ በ1570 ካሳተመው መጽሐፍ። በፓላዲዮ ሥዕሎች ዓምድ አለ፣ ልኬት አለ፤ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ፒራኔዚ ድሆቹን ከዓምዱ ሥር አልነቀላቸውም። ለግንባታ የተመረጠው ግን ሰው የሌለበት ሥዕል ነው። ሞንቲቼሎን ከገነቡት ብዙዎቹ ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ዓምዱን ብቻ አሳይታችሁ አትመለሱ። ጆን ሄሚንግስ ስለተባለው አናጢም ንገሯቸው። ከቤቱ ጥሩ ጥሩ የእንጨት ሥራዎች ብዙዎቹ የእሱ እጅ ናቸው። ጄፈርሰን በ1826 ሲሞት በኑዛዜው ነጻነቱን ሰጠው፤ ያውም ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጸና። የሚሠራባቸውን መሣሪያዎችም ጨመረለት።