ይሉኝታ የሰፈረበት ጉበት

በአማርኛችን ውስጥ እንደ ጉበት የተበደለ የሰውነት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይችላል፤ አንጀት ይርሳል፣ አንጀት ይበላል፤ ልብ ይሸፍታል፣ ይሰረቃል፣ ይደነድናል። ሐሞት እንኳ ጉበት የሚሠራው መራራ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ጀግናውን ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪውን ሐሞቱ የፈሰሰ እያሰኘ ክብሩን ሁሉ ጠቅልሎ ወስዶታል። ጉበት ስሙ የሚነሣው ዱለት ሲታዘዝ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝነው ይህ ታታሪ ከቀኝ ጎድናችን ሥር ተሸሽጎ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ሲያጣራ፣ ስኳሩን ሲያከማችና መርዙን ሲያከሽፍ ይውላል፤ ክፉኛ እስኪጎዳ ድረስም ብዙውን ጊዜ አመመኝ አይልም። የሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ ማለት ነው፤ ድግሱ ሲያምር የሚመሰገነው ደጋሹ ነው።

እኔም የራሴን ጉበት የተዋወቅሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ደሴ ውስጥ፣ ጨጓራዬን ልታይ በሄድሁበት ቀን ነው። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ምስል ትክ ብሎ ካየ በኋላ፣ «ጉበትዎ ላይ ስብ ሰፍሯል፤ አልኮል ይወስዳሉ?» አለኝ። በዕድሜዬ ጠላ እንኳ ቀምሼ እንደማላውቅ ነገርሁት። አልተገረመም። ስብ ያለ መጠጥም ይሰፍራል፤ ከሚያስፈልገን በላይ የምንወስደውን ስኳርና እንጀራ፣ ተቀምጠን ስለምንውል የማናቃጥለውን ሁሉ፣ ጉበት ወደ ስብ ለውጦ እንደ ጎተራ ያስቀምጠዋል አለኝ። ደግነቱ ጉበት ራሱን የመጠገን ችሎታ ስላለው፣ ከሰማንያ ስድስት ኪሎዬ ሰባት ስምንቱን ቀስ እያልሁ ብቀንስ ስቡም አብሮ እንደሚቀንስ ተስፋ ሰጠኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፒያሳ ደርሶ ነበር። ሰው «ጉበቱን ታመመ» ሲባል ሌላውን አይሰማም፤ ጉበት ማለት መጠጥ ነው። ሰላሳ ዓመት አብረውኝ የሰገዱ ሽማግሌዎች ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «አላህ ይቅር ባይ ነው» ይሉኝ ጀመር። አንዱ ወዳጄማ በርጫው ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ በአንድ እጁ የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ፣ የመጠጥን ጎጂነት ለአንድ ሰዓት ያህል አስተማረኝ። ጫትን ከጉበት ጉዳት ጋር ያያያዙ ጥናቶች እንዳሉ ብጠቅስለት «ቅጠል እኮ ነው!» ብሎ ዘጋኝ።

አክስቴ ደግሞ ከኩታበር ድረስ መጣች። በእርሷ ምርመራ የያዘኝ የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላዬ አልፋ ይሆናል። ዓይኔ ቢጫ እንዳልሆነ፣ ያ በሽታም ቢሆን ከሌሊት ወፍ ጋር እንደማይገናኝ፣ አንዳንዱ በተበከለ ውሃና ምግብ፣ ሌላው በደም፣ በጋራ ምላጭና በመርፌ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ እንደሚያመጣው አስረዳኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ልጄ፣ ወፏ ለሐኪም አትታይም» አለችኝ። ከዚያም ከመቀነቷ ሥር በጠርሙስ የተጨመቀ ቅጠል አወጣች። የምንውጠው ሁሉ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነውና ልኩ ያልታወቀ ቅጠል በደከመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም እንደሚሆን ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ሆኖም ተራራ ወጥታ ተራራ ወርዳ የመጣች አክስት ፊት «አልጠጣም» የሚል ሰው በወሎ አልተወለደም። «አብሽር፣ ጨልጠው!» ስትለኝ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁና ግራዋው ሥር ደፋሁት። ግራዋው እስካሁን ጤናው አልተመለሰም።

በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የሚለው ትእዛዝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጦሳን ተንተርሳ ለተቀመጠች ከተማ ዳገት አይቸግራትም፤ የሚቸግረው ሰላምታው ነው። የአንድ ሰው ሰላምታ ከልጆች ጀምሮ በከብቱ፣ በዝናቡና በእህሉ አልፎ ተመልሶ ልጆች ላይ ስለሚያልቅ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተራመድሁት ከኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ሰላምታውን በእጄ ብቻ አሳጥሬ ያለፍሁ ዕለት ደግሞ ሰው ሞቶበት ነው የሚሮጠው ተብሎ፣ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። ባጃጅ ነጂዎችም «ጋሼ፣ ሒሳብ አንጠይቅዎትም፣ ብቻ ይግቡ» እያሉ አጠገቤ ያዘግማሉ።

ከሁሉም የከበደው ግን ቡናው ነው። በእርግጥ ጥፋቱ የቡናው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. የቡናን ጉዳይ እንደገና ሲመረምር፣ ቡና ጠጪዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አስታውቋል፤ ይህን ያነበብሁ ዕለት እንደ ወሎዬነቴ የተሸለምሁ ያህል ተሰማኝ። ደስታዬን ያጠፋው ማንኪያው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ሲኒ እንጠጣለን፤ በረካውን ሳይጠጡ መነሣት በረከት ረግጦ እንደ መውጣት ስለሚቆጠር ከሦስቱ አንዱም አይቀርም። በቀን ሦስት ቤት ብጠራ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ቢገባ ዐሥራ ስምንት ማንኪያ ይሆናል። ማንኪያው አራት ግራም ያህል ቢይዝ 72 ግራም ስኳር መሆኑ ነው፤ ድርጅቱ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው ደግሞ የለስላሳውንና የብስኩቱን ስኳር ጨምሮ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ፣ «ለእኔ ያለ ስኳር» አልሁ። ረከቦቱ ዙሪያ ጸጥታ ሆነ። የቤቲቱ እመቤት ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ስለ ጉበቴ ሳስብ እርሷ የሰማችው፣ ስኳር በተወደደበት ዘመን ቤቷ እንዳይቸገር ብዬ እንዳዘንሁላት ነው። «ኧረ በአላህ! እኛ ቤት ስኳር አልጠፋም!» ብላ ማሳያ እንዲሆን አራት ማንኪያ ሞጀረችበት፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አማሰልሁት። ያ ሐኪም በምስሉ ላይ ያየው ስብ ነው ቢልም፣ ግማሹ የገዛ ይሉኝታዬ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ይሉኝታ ያላሸነፈኝ ፀጉር ቤት ብቻ ነው፤ አዲስ ምላጭ ከራሱ ማሸጊያ ሲወጣ ዓይኔ ካላየ አንገቴን አልሰጥም። የልጅ ልጆቼ በሀገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ የሚከላከለውን አግኝተዋልና እነርሱ አያሳስቡኝም። ባለቤቴንም የሻገተ ለውዝና የሻገተ በርበሬ አራግፋ እንዳትጠቀም አሳምኛታለሁ፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመራገፍም በመቆላትም ተጠርጎ አይወጣም፣ አብዝቶ የሚጎዳውም ጉበትን ነው። በርበሬ መጣል ምን ያህል እንዳስለቀሳት የምታውቀው እርሷ ናት።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ፣ እርምጃዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ ስወርድ፣ በአረቄ የታወቀው ጎረቤታችን ከግንብ ጥግ ብቅ ብሎ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኔን ይኸው ሰፈር ምድሩ ያውቀኛል። እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት የት ቢጠጡት ነው ማንም ያላየዎት?»

«ሰው ፊት ነው የጠጣሁት» አልሁት። «በቀን ዘጠኝ ሲኒ፣ በዱዓ ታጅቤ፣ ባለ ሁለት ማንኪያ።»

ረዘም ላለ ጊዜ በአዘኔታ ተመለከተኝና ክንዴን ያዘ።

«እንግዲያው እኛ ቤት አቦሉ ገና አልወረደም፤ በሞቴ፣ አይለፉን።»